አሮጌው መዝገባችንና የታሪክ ሰዎች ጥያቄ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ ባለፈው ዓመታዊ ስብሰባችን ላይ የተነሣው የመዝገብ ጉዳይ ነው። በዕለቱ የነበራችሁ እንደምታስታውሱት፣ ከኮሚቴው ወጣቶች አንዱ «በዕቃ ቤቱ ያሉት አሮጌ መዝገቦች አይጥ የበላቸው፣ ዝናብም የነካቸው ስለሆኑ፣ የሚያስፈልገው የስም ዝርዝር በኮምፒዩተር ተገልብጦ ሌላው ይወገድ፤ ቦታው ለወንበርና ለሳሕን ይሁን» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ብዙዎቻችሁም አጨበጨባችሁ። እኔ እጄን አውጥቼ «ይቆይ» አልኩ። ለምን ተብዬ ስጠየቅ ግን በቅጡ ማስረዳት አልቻልኩም። ከሰው ፊት ቆሞ መናገር አልተሰጠኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሌላው ሲናገር ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ያን ዕለት አፌ ላይ የቀረውን ዛሬ በጽሑፍ አቀርባለሁ። ነገሩ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

እንደምታውቁኝ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ቦንጋ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገብቼ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ፣ ፋይል ሳወጣና ስመልስ ጡረታ ደረሰብኝ። ወደ ማንኪራም ተመለስኩ። የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ ያገለገልኩት ግን ገና በጎልማሳነቴ ስለነበረ፣ ዛሬ ይወገዱ የተባሉት መዝገቦች አብዛኞቹ በእኔ እጅ የተጻፉ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የሚመጣው ነገር እኔንም ስለሚነካ ነው።

ታዲያ ታሪክ የሚባል ነገር ከእኛ መዝገብ ጋር ምን አገናኘው? ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። አስተማሪያቸው ስለ እድር እንዲጽፉ አዝዟቸው ኖሮ፣ አንድ ቀን ማታ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ «አያቴ፣ እድር መቼ ተጀመረ?» አለችኝ። «ከጥንት ከአባቶቻችን ጀምሮ ነዋ» አልኳት። እሷ ደግሞ የያዘችውን ኮፒ ወረቀት ገለጥ አድርጋ «የታሪክ ሰዎቹ ግን እንዲህ አይሉም» አለች። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ እንግሊዝኛ ከአርዕስትና ከቀን በቀር አላነብም። እሷ እያነበበች በአማርኛ ትነግረኛለች፤ እኔ በደብተሬ እይዛለሁ። ብዙ ምሽት እንዲህ ሠራን። ዓመቶቹን ከመጻሕፍቱ እንደተገኙ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ስሙ የተነሣው ሪቻርድ ፓንክረስት የሚባለው የታሪክ ሰው ነው። እናቱን ሲልቪያ ፓንክረስትን ከመካከላችን ዕድሜ የገፋን ሰዎች በስም እናውቃታለን። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ እንግሊዝ አገር ሆና ጋዜጣ እያሳተመች ለኢትዮጵያ የጮኸች ሴት ናት። እናትና ልጅ በ1956 ወደ አዲስ አበባ መጡ። እሷ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የሚባል መጽሔት ታዘጋጅ ጀመር፤ እሱ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አስተማሪ ሆነ፤ ኋላም በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር እሱ ነበር። እሷ በ1960 አርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረች። እሱም በ2017 አርፎ እዚያው ተቀብሯል። ሰው ከተወለደበት አገር ርቆ በማን መሐል እንደሚቀበር ማየት ለእኛ ለእድር ሰዎች ትንሽ ነገር አይደለም።

እኔን የገረመኝ የሥራው ዓይነት ነው። እኛ በትምህርት ቤት ታሪክ ብለን የተማርነው ንጉሥ እገሌ ነገሠ፣ እገሌን ወጋ፣ እገሌ ዘመን ሞተ የሚለውን ነው። ይህ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነበረው። የአሞሌ ጨው ስንት ይገዛ ነበር? ብር መቼ ገባ? ርሃብ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ምን በላ? በሽታ ሲገባ ማን ታመመ፣ ማንስ ቀበረ? በ1968 ያሳተመው የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ፣ በ1990 ያሳተመውም የማኅበራዊ ኑሮ ታሪክ የተሞሉት በዚህ ዓይነት ነገር ነው። የልጅ ልጄ ስታነብልኝ እኔ ደጋግሜ «ይኸን ከየት አገኘው?» እላለሁ። ከመንገደኞች ማስታወሻ፣ ከደብዳቤ፣ ከሒሳብ መዝገብ ትለኛለች። እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ስጠርዝ የኖርኩትን ዓይነት ወረቀት ማለት ነው!

ከጻፋቸው መካከል አንዱ ስለ ኅዳር በሽታ ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ የዓለሙ ጦርነት ባለቀ ሰሞን፣ በዓለም ሁሉ የዞረው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው ጨረሰ። ቀባሪ ጠፋ። የታመመውን የሚያስታምም ራሱ ታሞ ይወድቃል፤ ጉድጓድ የሚቆፍር ስለታጣ ሬሳ በጥልቀት ሳይቀበር ቀረ፤ ጅብም ደፈረው። እስከ ዛሬ ድረስ በኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ነገር፣ ከዚያ ጊዜ ጋር የተያያዘ ትዝታ ነው። እኔ በየዓመቱ ቆሻሻ ሳቃጥል ነገሩ ለጽዳት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ወደ እድር ልመለስ። በ1958 በዚያው በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ ሪቻርድ ፓንክረስት ከአንድ ኢትዮጵያዊ ጋር ሆኖ ሕዝቡ ራሱን በራሱ ስለሚረዳበት መንገድ ጻፈ። እቁብ፣ ማኅበር፣ እድር ሁሉ እዚያ ውስጥ አሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ አሉላ ፓንክረስት፣ እሱም የማኅበረሰብ ጥናት ሰው ነው፣ ከዶክተር ዳምጠው ሳይሆን ከዶክተር ዳመነ ኃይለ ማርያም ጋር (የልጅ ልጄ ስሙን በትክክል ጻፍ ብላ ሁለት ጊዜ አርማኛለች) በ2000 ስለ እድር ታሪክና አገልግሎት ጽፏል። ነገሩን ባጭሩ ስናገር፣ እድር እንደምናስበው የጥንት የጥንት አይደለም። መረዳዳቱ፣ ሬሳ ተሸክሞ መቅበሩ፣ ለሐዘንተኛ እህል ማድረሱ ጥንትም ነበረ። ነገር ግን በስም የተመዘገበ አባል፣ በወር የተወሰነ መዋጮ፣ ዳኛ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊ፣ የቀረ የሚቀጣበት ደንብ ያለው እድር የከተማ ልጅ ነው። አጀማመሩን አንዳንዱ ከምኒልክ ዘመን በኋላ ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ ከመጡት ሰዎች ጋር ያያይዘዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው የተስፋፋው ይላል። በሁለቱም ወገን ምክንያቱ አንድ ነው፤ ሰው ከዘመዱ ርቆ በማያውቀው ሰው መሐል መኖር ሲጀምር የሚቀብረው ፈለገ። ዘመድ ያልሆኑ ሰዎች በወረቀት ዘመድ ሆኑ።

በኋላ መንግሥትም ነገሩን አየው። በ1966 በወጣው የማኅበራት መመዝገቢያ ደንብ እድሮችም እንዲመዘገቡ ተጠየቀ። በዚያን ጊዜ በከተማው አንዳንዱ እድር መንገድ እስከ ማሠራት፣ ትምህርት ቤት እስከ ማሳደስ ደርሶ ነበር። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሲቋቋም የልማቱ ነገር ወደ ቀበሌ ሄደና እድር ወደ ቀብር ብቻ ተመለሰ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ እንደገና ሰፋ፤ በኤች አይ ቪ ጊዜ የሙት ልጆችን የሚረዱ፣ የታመመን የሚጠይቁ እድሮች ብዙ ነበሩ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ነገር ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለልጅ ልጄ እንዲሁ አልኳት። ማንኪራ እኮ በዓለም የምትታወቀው በቡና ነው! ፈረንጅ መጥቶ ጫካ ገብቶ «እናት ቡና» የሚባለውን ዛፍ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል። ጫካችን በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ውስጥ ተመዘገበ፤ ቦንጋ ላይም የቡና ሙዚየም ተሠራ። ጥሩ ነው፤ እኔም እኮራለሁ። ነገር ግን ከመጣው እንግዳ መካከል እዚህ ሰው እንዴት ይኖራል፣ ሲሞትስ ማን ይቀብረዋል ብሎ የጠየቀኝ አንድም የለም።

ጠያቂዎች ግን ነበሩ፤ እኛ ነን ያላወቅናቸው። የከፋ መንግሥት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸንፎ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ የተያዘው በ1897 ነው። ስምንት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1905፣ ፍሬድሪክ ቢበር የሚባል የቪየና ሰው ወደ ከፋ መጣ። ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረ አልነበረም። በልጅነቱ ጫማ መስፋት ነበር የለመደው፤ ኋላ የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛ ሆነ። (ይህን ስሰማ ወንድሜን ያገኘሁ መሰለኝ።) የመንግሥቱን ዘመን በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ደርሶ የነገሩትን ሁሉ ጻፈ፤ በ1920ና በ1923 በጀርመንኛ በሁለት ትልልቅ መጻሕፍት አሳተመው። ከጦርነቱና ከባሪያ ንግዱ የተነሣ አገራችን ሰው ጎድሎባት በነበረበት ጊዜ ነው የጻፈው። እሱ ባይጽፍ ኖሮ ስለ ቤተ መንግሥቱ ሥርዓት፣ ስለ ሰባቱ የንጉሥ አማካሪዎች፣ አገሩን ስለከበበው ጥልቅ ቦይና ስለ በሮቹ የምናውቀው በጣም ጥቂት ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ከባዱ ነገር እገባለሁ። የዚያን ቦይ በሮች የሚጠብቁት ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን ነበሩ። በዚህ ስም መጠራት የሚያሳዝናቸው አባሎች ስላሉን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሌላ ስም ብጠቀም ግን ስለማን እንደምናገር አይታወቅም። በር ጠባቂና አዳኝ ነበሩ። መንግሥቱ ሲፈርስ የበር ጠባቂነቱ ክብር ጠፋና ንቀቱ ብቻ ቀረ። እኛ ጎመሮ ተብለን የምንጠራው ደግሞ የጉሬዛ ሥጋ ይበላሉ፣ ያልታረደ ይበላሉ እያልን ከእነሱ ጋር አንበላም፣ አንጋባም፣ ቤታችንም አናስገባም ነበር። በልጅነቴ እንጨትና ከሰል ተሸክመው ወደ ቦንጋ ገበያ ሲሄዱ፣ ሽማግሌ የሆነው ሰው ለእኔ ለሕፃኑ ከመንገድ ወርዶ ቆሞ ሲያሳልፈኝ አይቻለሁ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ይህን ነገር የታሪክና የማኅበረሰብ ተመራማሪዎች በሚገባ መርምረውታል። በ2003 ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት ያዘጋጁት በደቡብ ኢትዮጵያ ስለሚገለሉ የእጅ ባለሙያዎችና አዳኞች የሚናገር መጽሐፍ ከፋን የሚመለከት ምዕራፍ አለው። ከዚያም በኋላ ሳዩሪ ዮሺዳ የምትባል ጃፓናዊት እዚህ ከፋ ድረስ መጥታ ስለ ማንጆ ብዙ ጽፋለች። የጻፉትን የልጅ ልጄ ስታነብልኝ እኔ አንገቴን ደፍቼ ነው የሰማኋት። መገለሉ የሚታየው በምን በምን እንደሆነ ሲዘረዝሩ አብሮ አለመብላት፣ አብሮ አለመኖር፣ አለመጋባት፣ ከዚያ ደግሞ መቃብርና የመረዳጃ ማኅበር አለ። «አያቴ፣ በእናንተ እድርም እንዲህ ነበር?» አለችኝ። ዝም አልኩ። በማግስቱ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከገንዘብ ያዡ ተቀብዬ መዝገቦቹን አወጣሁ።

አንባቢ ሆይ፣ እነዚያ መዝገቦች ምን እንዳላቸው ልንገርህ። የመጀመሪያው ደብተር ላይ ከስሙ ጎን ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል የጣት አሻራ ነው፤ ሰማያዊ ቀለም የተነከረ አውራ ጣት። ሁለተኛውን ስትገልጥ ፊርማ ይበዛል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ፊደሉ የተጣመመ፣ ግን ፊርማ ነው። በመካከሉ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አለ። በአሥራ አምስት ቋንቋ ሲሰጥ አንዱ የእኛው ከፍኛ ነበር። እኔ ራሴ ማታ ማታ በኩራዝ ሰው አስተምሬያለሁ። ይህን ማንም ሳይነግርህ ከአውራ ጣቱ ታነበዋለህ። ሴቶቹ በመጀመሪያ «የእገሌ ባለቤት» እየተባሉ ነው የተጻፉት፤ ባል ሲሞት ብቻ በስማቸው ይወጣሉ። ቆይቶ ነው ከባላቸው ጎን በራሳቸው ስም መጻፍ የጀመሩት። የሰዎቹ ስምም ተለዋወጠ፤ አባት በከፍኛ ስም፣ ልጅ በክርስትና ስም፣ የልጅ ልጅ ከሬዲዮ በተሰማ ስም። መዋጮው በመጀመሪያ ቆጮ፣ እንጨትና ቡና ነበር፤ ቀጥሎ ሃያ አምስት ሳንቲም፤ ዛሬ የምንከፍለውን ታውቁታላችሁ። ቅጣቱም ተለውጧል፤ ድሮ ሬሳ ሳይሸኝ የቀረ በጎ ፈቃድ ተጠይቆ ይቅርታ ይባል ነበር፤ በኋላ ግን በገንዘብ ሆነ። ወጣቱ ልጃችን በኮምፒዩተር እገለብጣለሁ ያለው ስሙን ብቻ ነው። ከስሙ ጎን ያለውን አውራ ጣት እንዴት አድርጎ ይገለብጠዋል?

ይህን ሁሉ ሳገላብጥ ደስ እያለኝ ቆየሁና አንድ ቃለ ጉባዔ ላይ ደረስኩ። እጅ ጽሑፉ የኔው ነው።

ነገሩን አስታወስኩት። አስታወስኩት ማለት እንኳ ልክ አይደለም፤ ረስቼው አላውቅም። በደርግ ጊዜ ነው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ማንጆዎቹም እንደማንኛውም ገበሬ መሬት ደርሷቸው የገበሬ ማኅበር አባል ሆነው ነበር። በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ከእኛ ጋር በአንድ አግዳሚ ይቀመጣሉ፤ አብረው እጅ ያወጣሉ። በእድሩ ድንኳን ግን አልነበሩም። አንድ ቀን ከእነሱ አንዱ፣ በጫካው ዳር የሚኖር፣ ቀፎ የሚሰቅልና ማር የሚሸጥ ጸጥተኛ ሰው፣ መመዝገቢያውን ገንዘብ በጨርቅ ቋጥሮ ወደ ስብሰባችን መጣ። ከበሩ ውጪ ቆሞ «እኔም ልመዝገብ» አለ። የሚናገር ጠፋ። «አይሆንም» ቢባል አዋጅ አለ፤ ካድሬ ይሰማል። «ይሁን» ቢባል ደግሞ ግማሹ አባል ሳሕኑን ይዞ ይወጣል። ዳኛው ወደ እኔ ዞሮ «ጸሐፊ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ ብለህ ጻፍ» አለኝ።

ጻፍኩ። «የአባልነት ጥያቄው ጊዜ ስላልበቃ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።» ጊዜ ግን ነበረ። ከዚያ በኋላ ስለ ድንኳኑ ካስማ ረዥም ሰዓት ተነጋግረናል፤ እሱም በመዝገቡ ላይ አለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሰውየው ተመልሶ መጣ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። በሦስተኛውም ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ ቃሉን ሳላስብ የጻፍኩት ይመስለኛል፤ በመሥሪያ ቤት የለመድኩት ቃል ነውና እጄ ራሱ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ሰውየው አልመጣም።

ጥቂት ቆይቶ ሚስቱ ሞተች። ጡሩንባ አልተነፋም። እኔ ጠዋት ወደ ቦንጋ ሥራዬ ስሄድ ሬሳውን ተሸክመው ሲሄዱ አየኋቸው፤ ተሸካሚዎቹ ጥቂት ስለነበሩ በየአጭሩ ያሳርፉ ነበር። ድንኳን የለ፣ ወንበር የለ፣ የሚያፈራርቅ ትከሻ የለ። እኔ ሥራ ይረፍድብኛል ብዬ አለፍኩ። የሥራ ሰዓት ፊርማ መጽሐፍ ነበረብን። ያን ዕለት ሰዓት አላሳለፍኩም።

ተመራማሪዎቹ በመጽሐፋቸው «መገለል» ብለው የጻፉትን እኛ «ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» ብለን ነው የጻፍነው። አንድም ቦታ ላይ «ማንጆ አንመዘግብም» የሚል ደንብ የለንም፤ መተዳደሪያ ደንባችንን ከዳር እስከ ዳር አይቼዋለሁ። አንድ የውጭ ሰው መጥቶ ደንቡን ብቻ ቢያነብ «እዚህ እድር ሁሉ እኩል ነበር» ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ያለው በቃለ ጉባዔው ውስጥ ነው፤ ሦስት ጊዜ በተደገመው ዓረፍተ ነገር። እሱን አይጥ በበላውና ዝናብ በነካው ደብተር ውስጥ ካልሆነ በሌላ በየትም አታገኙትም።

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር ሌላም ልጨምር። ያን ገጽ ባገኘሁ ቀን የመጀመሪያው ሐሳቤ የወጣቶቹ ሐሳብ ትክክል ነው የሚል ነበር። ይቃጠል፣ ኅዳር ሲታጠን አብሮ ይጠን አልኩ በልቤ። ለማን ይጠቅማል? ዳኛው ሞቷል። በዚያ ስብሰባ ከነበሩት አብዛኞቹ ሞተዋል። ዛሬ ከእነዚያ ወገኖች አባሎች አሉን፤ በአንድ ድንኳን እንቀመጣለን፤ ምንም እንኳ ሳሕን ሲዞር ዓይኑን የሚያንከባልል ሰው አሁንም ባይጠፋም። ገጹን መግመጥ ቀላል ነበር፤ የተጠረዘ አይደለም፣ በስፌት ክር የተያዘ ነው። ደብተሩን ዘግቼ ሁለት ሌሊት አደርኩ።

ያላስቀደደኝ ነገር የታሪክ ፍቅር አይደለም፤ የሥራ ልማድ ነው ብል ይሻላል። በመዝገብ ቤት ሕግ ወረቀት ከፋይል አይነቀልም። ስርዝ ድልዝ አይደረግም። ስህተት ከተገኘ ከጎኑ ይጻፋል፣ ቀን ይደረግበታል፣ ይፈረምበታል። ይህን ሕግ በሌላው ላይ ስንት ዘመን ሳስከብር ኖሬ በራሴ ላይ ሲመጣ እጥሰዋለሁን?

ስለዚህ ሌላ ነገር አደረግሁ። የዚያ ሰው ልጅ ዛሬ የእድራችን አባል ነው፤ መዋጮውንም ሳያጓድል የሚከፍል ነው፤ ስሙን እዚህ አልጽፍም። ወደ ቤቴ ጠራሁት። መጀመሪያ ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ዋጋ ተጨዋወትን። የልጅ ልጄ ቡና አፈላችልን፤ አብረን ጠጣን። ከዚያ ደብተሩን አውጥቼ ገጹን ከፍቼ ሰጠሁት። እሱ ማንበብ ይችላል፤ ከኔ ይበልጥ ተምሯል። ሦስቱንም ስብሰባ ቀስ ብሎ አነበበ። የድንኳኑን ካስማ ነገርም አነበበ። እኔ ወይ ይሰድበኛል ወይ ተነሥቶ ይሄዳል ብዬ ነበር።

ጣቱን በገጹ ላይ እንዳደረገ «የአባቴ ስም በትክክል አልተጻፈም» አለኝ።

አየሁት። እውነቱን ነው። የአያቱን ስም አንድ ፊደል ስቼ ጽፌዋለሁ፤ ሰውየው ከበሩ ውጪ ቆሞ ስለተናገረ በደንብ ሳልሰማው ቀርቶ ይሆናል። ድገምልኝ ብዬም አልጠየቅሁትም። «ልታርመው ትችላለህ?» አለኝ። «ስርዝ ማድረግ አይቻልም፤ ከጎኑ ግን ይጻፋል» አልኩት። እሱ ፊደሉን እየነገረኝ በኅዳጉ ላይ የሰውየውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ጻፍኩ። ቀን አደረግሁበት፤ ፈረምኩ። እሱም እንደ እማኝ ከሥሩ ፈረመ። ከዚያ የዚህን ገጽ ፎቶ ኮፒ እንዳወጣለት ጠየቀኝ፤ ቦንጋ ሄጄ ሁለት አውጥቼ አንዱን ሰጠሁት፣ አንዱን ደብተሩ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

መዝገቦቹ አሁን በቆርቆሮ ሣጥን ሆነው በእኔ ቤት ይገኛሉ፤ ለአይጥ መከላከያም ቃሪያ ነስንሼባቸዋለሁ። ቁጥራቸውን፣ የገጻቸውን ብዛትና የጎደለውን ሁሉ በዝርዝር ጽፌ ለገንዘብ ያዡ በፊርማ አስረክቤያለሁ። ጉዳዩ በሚቀጥለው ዓመታዊ ስብሰባ ተነሥቶ ድምፅ ይሰጥበታል ተብሏል። እስከዚያው ማየት የሚፈልግ አባል እሑድ ከሰዓት በኋላ ይምጣ። እጁን ታጥቦ ይምጣ እንጂ፤ ወረቀቱ በጣም ስስ ሆኗል።